የእማማ ለተማርያም ሙዳይ

ቤዛዊት ትባላለች፤ ቤተሰቦቿ ቤዚ ይሏታል። ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ቤቷ ሐረር ነው፤ አሮጌውን ከተማ ከከበበው ግንብ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ፣ ባጃጆች ቀኑን ሙሉ ከሚተራመሱበት አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ። አባቷ ታደሰ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ እናቷ አስቴር አስተማሪ ናት። ቤዚ ድምፀ መልካም ናት፤ በሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን መካከል ሁልጊዜ ከፊት ትቆማለች። ክፉ ልጅ አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ታሪኩን ስትሰሙ «እኔማ እንደሷ አይደለሁም» እንዳትሉ ነው። ሁላችንም እንደሷ ነን፤ ጊዜው ሲደርስ ነው የምንተዋወቀው።

በዚያው ግቢ፣ በስተጓሮ ባለች አንድ ክፍል ቤት፣ እማማ ለተማርያም የሚባሉ አሮጊት ይኖሩ ነበር። የተወለዱት ላሊበላ ነው፤ ከዓለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ባሉበት ተራራማ ከተማ። በወጣትነታቸው ወታደር አግብተው ሐረር መጡ። ወታደሩ ሞተ። ልጅ አልወለዱም። «ዘንድሮ አገሬ እገባለሁ፣ ለከርሞ አገሬ እገባለሁ» ሲሉ ሃምሳ ዓመት አለፈ፤ ጉልበታቸውም ከዳቸውና አልጋ ላይ ዋሉ።

የሚያስታምሟቸው ጎረቤታቸው እትዬ ሶፍያ ነበሩ። እትዬ ሶፍያ ሙስሊም ናቸው፣ እማማ ለተማርያም ክርስቲያን። ሃያ ዓመት ሙሉ አንዳቸው የሌላውን በር ሳያንኳኩ ውለው አያውቁም። በጾም ጊዜ እትዬ ሶፍያ ለእማማ ምሳ ሲያመጡ ዘይቱን እንኳ ቅቤ እንዳይነካው ለብቻው ይይዙላቸው ነበር።

በዚያ ዓመት የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ለገና በዓል ላሊበላ እንዲሄዱ ተወሰነ። ወሬው ግቢው ውስጥ በተሰማ ዕለት እማማ ለተማርያም ቤዚን አስጠሯትና አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጧት። በገና ማለዳ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ቆመው «ቤዛ ኵሉ» ሲዘምሩ የራስሽን ስም የሚጠሩ ይመስልሻል አሏት። ቤዚ ሳቀች። ከዚያ እማማ እጇን ያዙ።

«እኔ እንግዲህ በእግሬ አልደርስም፣ ልጄ። ቤተ ማርያም ደጅ ላይ ቄሱ እምነት ይሰጣሉ። ጥቂት አምጪልኝ። ከመሞቴ በፊት የተጠመቅሁበትን አገር አፈር ግንባሬን ልቀባው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እምነት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ጸሎት የተደረገበት፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚወሰድ አፈር ነው። የታመመ ይቀባዋል። የሄደ ሰው ላልሄደ ሰው ይዞ ይመጣል፤ ይህ የተጓዥ ሁሉ ግዴታ ነው። እትዬ ሶፍያም ይህን ያውቁ ነበርና ለእምነቱ ማስቀመጫ ትንሽ ሙዳይ ሰፉ። ጭብጥ የምታህል፣ ቀይና አረንጓዴ፣ ክዳኗ ግጥም የሚል። ሐረር ውስጥ እጃቸው የተመሰገነ ነው። እሷን ሙዳይ ለመጨረስ ግን ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው፤ ዓይናቸው እንደ ድሮው አልነበረም። ቤዚ ሙዳዩን ተቀብላ በማርያም ስም ቃል ገባች።

ጉዞው ሦስት ቀን ፈጀ። አዋሽ ላይ ሙቀቱ አነደዳቸው፤ ከወልድያ በኋላ ብርዱ አንቀጠቀጣቸው። መንገዱ ተራራውን እየዞረ ሲወጣ ትንንሾቹ አስመለሳቸው፤ ትልልቆቹ ከበሮ እየመቱ አጽናኗቸው። መምህራቸው ጋሼ ደረጀ ከፊት ወንበር ሆነው ልጆቹን እየቆጠሩ ሦስቱንም ቀን ዓይናቸውን አልከደኑም።

ሰው ቤት ሲሠራ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይደርባል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ግን ወደ ታች ነው የተሠሩት። ምድሩ ላይ ትቆሙና ጣሪያቸውን ከእግራችሁ ሥር ታያላችሁ። ግድግዳው፣ ዓምዱ፣ መስኮቱ፣ ሁሉም አንድ ዓለት ነው። ቤዚ ጫማዋን አውልቃ፣ በዓለቱ መካከል በተጠረበው ጠባብ መተላለፊያ፣ ግድግዳውን እየዳሰሰች ወረደች። ድንጋዩ ቀይ ነበር፤ ስንት መቶ ዓመት የሰው እጅ አሻሽቶት ለስልሷል። በገና ማለዳ ካህናቱ ከላይም ከታችም ቆመው ሲያሸበሽቡና «ቤዛ ኵሉ» ሲሉ ቤዚ ማንም ሳይነግራት አለቀሰች። ያን ሰዓት እማማን አሰበቻቸው። ሙዳዩን በነጠላዋ ሥር ጭብጥ አድርጋ ይዛው ነበር።

ሥርዓቱ ሲያበቃ ጋሼ ደረጀ እምነት የሚፈልግ ሁሉ አሁኑኑ እንዲሰለፍ፣ ነገ ማለዳ መኪናው እንደሚነሣ ተናገሩ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ቤዚ ተሰለፈች። አንድ ሰዓት ቆመች። ፀሐይ አናቷን መታት፣ እግሯ ዛለ፣ ሆዷ ጮኸ። ከፊቷ ዐሥራ አንድ ሰዎች ቀሩ፤ ቆጥራቸዋለች።

ያኔ ጓደኛዋ ኤልሳቤጥ መጣች። ኤልሳቤጥ ስልክ አላት። ቤተ ጊዮርጊስ ላይ ፀሐይ አርፎበታል፣ ቪዲዮ ለመቅረጽ እንዲህ ያለ ብርሃን አይገኝም፣ ሌሎቹ ልጆች ሁሉ እዚያ ናቸው አለቻት።

«ዐሥራ አንድ ሰው ነው የቀረኝ» አለች ቤዚ።

«ቄሱ የት ይሄዳሉ? እምነቱም ነገ አለ፣ ፀሐይዋ ግን ትጠልቃለች።»

ቤዚ ሙዳዩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ከሰልፉ ወጣች። በመስቀል ቅርጽ የተጠረበውን ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሆና እያየች ዘመረች፤ ኤልሳቤጥ ቀረጸቻት። አላማራትምና ደግማ ዘመረች። ነጠላዋን አስተካክላ ሦስተኛ ዘመረች። የስልኩ ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ ዘመሩ። ሲመለሱ ቤተ ማርያም ደጅ ላይ ሰልፍም ቄስም አልነበረም። ነገ በጠዋት ተነሥቼ እወስዳለሁ ብላ ተኛች። በማግስቱ የቀሰቀሳት የአውቶቡሱ ጡሩምባ ነው።

መኪናው ከከተማው ሲወጣ ጋሼ ደረጀ ብድግ ብለው እምነት ያልወሰደ ልጅ እንዳለ ጠየቁ። ቤዚ እጇን ብታወጣ ሁሉም ዞሮ ያያታል፤ የት ነበርሽ ይሏታል፤ ከፊት የምትቆመው ዘማሪ ለቪዲዮ ብላ ሰልፍ ጥላ ወጣች ይባላል። ኤልሳቤጥን አየቻት። ኤልሳቤጥ በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር። ቤዚም ወደ ውጭ አየች። ጋሼ ደረጀ ጥቂት ጠበቁና ተቀመጡ።

ልጆች፣ እጅ ማውጣት ምን ያህል ይከብዳል? አንድ ክንድ ነው። ያን ቀን ግን ለቤዚ ከዚያ ሁሉ ተራራ ከበዳት።

ሐረር እንደገቡ እናቷ ሄዳ እማማን እንድትስማቸው ነገረቻት። ቤዚ ደክሞኛል፣ ነገ እሄዳለሁ አለች። በማግስቱ ግን በጠዋት የሄደችው ከከተማው ዳር ባለው ኮረብታ፣ ሐኪም ጋራ በሚባለው፣ አክስቷ ቤት ነው። ከአክስቷ ቤት ጀርባ የጫት ማሳ አለ። ቤዚ በማሳው ዳር ተቀምጣ ቀላ ያለውን አፈር መረጠች። ጠጠሩን ለቀመች፣ በጣቶቿ መካከል አደቀቀችው፣ ሙዳዩን ሞላችው። አክስቷ ምን እያደረግሽ ነው ብላ ስትጠይቃት አበባ ልተክልበት ነው አለቻት። አያችሁ፣ አንዱ ውሸት ብቻውን መኖር አይችልም፤ ወዲያው ታናሽ ይወለድለታል።

ያን ማታ ቤዚ ከእናቷ ጋር ገባች። እማማ ለተማርያም ሙዳዩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ ክዳኑን ሳይከፍቱ ሦስት ጊዜ ሳሙት። ከዚያ ከፈቱት። በጣታቸው ጥቂት አንሥተው አሹት። ወደ ዓይናቸው አቀረቡት። እትዬ ሶፍያ ከትከሻቸው በላይ ሆነው አዩና አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እማማ ቀና ብለው ተመለከቷቸው፤ እሳቸውም ዝም አሉ።

«ማን ሰጠሽ፣ ልጄ?» አሉ እማማ።

«ቄሱ ራሳቸው፣ በእጃቸው።»

«ከቤተ ማርያም ደጅ?»

«ከቤተ ማርያም ደጅ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ክዳኑን ገጥመው ትራሳቸው ሥር አደረጉት። የቤዚ እናት ለምን አሁን አይቀቡትም ብትላቸው ቀኑ ሲደርስ እቀባለሁ ብለው መለሱላት። ቤዚ አመለጥኩ ብላ ተነፈሰች።

«ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል» ይላል ተረቱ። የቤዚ ውሸት ግን እያደር ከበደ። በዚያ ሳምንት ምሳ ይዛላቸው ስትገባ እማማ ስለ ልጅነታቸው ያጫውቷት ጀመር። በእሳቸው ጊዜም የቤተ ማርያም ሰልፍ ረጅም እንደነበር፣ ልጅ ሲሰለቸው ወጥቶ እንደሚሮጥ፣ እሳቸውም ስንቴ እንደሮጡ ነገሯት። «ሰልችቶት የወጣ ልጅ ምን ኃጢአት አለበት? ልጅ ነዋ» አሉና ዓይን ዓይኗን አዩዋት። ቤዚ ሳህኑን እየሰበሰበች ለእኛስ ቶሎ ደረሰን አለች።

ጥምቀት መጣ። ቤዚ ነጭ ለብሳ ከታቦቱ ፊት ዘመረች። ሰው ሁሉ ድምፅሽ እንዴት ያምራል አላት። የመዘምራኑን ልብስ እንደለበሰች እማማ ዘንድ ገባች። እማማ ትኩሳት ይዟቸው ነበር፤ ከንፈራቸው ደርቋል። የልብሷን ዘርፍ ስመው ያዟት።

«ቤዚዬ፣ የምትነግሪኝ ነገር የለም?»

ልትናገር አፏን ከፈተች። ግን እትዬ ሶፍያ በሩ ላይ ቆመዋል። ልብሷም ነጭ ነው፤ ገና አሁን በሰው ሁሉ ተመስግናለች። በዚህ ልብስ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል?

«የለም፣ እማማ።»

«እሺ» አሉ። ከዚያ በኋላ አልጠየቋትም።

ቤዚ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አልበላ አላት። በመጨረሻ ልነግራቸው ብላ ቆረጠች። እሑድ ልትነግራቸው ነበር፤ እሑድ እንግዶች ነበሩባቸው። ማክሰኞ ልትነግራቸው ነበር፤ ተኝተው አገኘቻቸው። ሐሙስ ፈተና ነበራት። ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ፣ ቀጥ ብዬ ገብቼ እነግራቸዋለሁ አለች። መንገዱን ሁሉ ቃላቱን እየደጋገመች መጣች፦ «እማማ፣ ዋሽቻለሁ። አፈሩ ከሐኪም ጋራ ነው።» ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም ቃል አያስፈልግም ነበር።

ግቢው በር ላይ ድንኳን ተተክሏል።

እማማ ለተማርያም ረፋድ ላይ ነበር ያረፉት። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፤ ቤዚ ቦርሳዋን በትከሻዋ እንዳነገበች ድንኳኑ ፊት ቆማ ቀረች። እናቷ ስታያት ለእማማ ፍቅር የቆመች መስሏት አቅፋት አለቀሰች። ቤዚ በእናቷ እቅፍ ውስጥ ሆና ያም ውሸት እንደሆነ ተሰማት።

በሠልስቱ ቀን ለቀስተኛው ሲቀንስ እትዬ ሶፍያ ቤዚን ወደ ጓሮ ጠሯት። ዓይናቸው አብጧል፤ ሦስት ቀን ውኃ ሲቀዱና ሳህን ሲያጥቡ ሰንብተዋል። ከሻሻቸው ጫፍ ፈትተው ሙዳዩን ሰጧት። እማማ ለቤዚ መልሺላት ብለውኛል አሏት። ቤዚ ከፈተችው። አፈሩ እንዳለ ነው። አንድ የጣት ምልክት ብቻ አለበት። ከላይ ደግሞ፣ ሰው ሆነ ብሎ ለይቶ እንዳስቀመጣት፣ አንዲት የደረቀች የጫት ቅጠል።

«ሙዳዩን በሰጠሻቸው ዕለት ነው ቅጠሏን ያዩዋት» አሉ እትዬ ሶፍያ። «እኔም አየኋት። ልናገር ስል በዓይናቸው ከለከሉኝ። አንቺ ከወጣሽ በኋላ ‹ሶፍያ፣ በላሊበላ ዓለት ላይ ጫት ይበቅላል?› አሉኝና ሳቁ። ‹ዝም በይ፣ ራሷ ትነግረኛለች። የነገረችኝ ቀን አቅፌ እስማታለሁ› አሉ። ወላሂ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር አንቺ እየመሰልሻቸው ቀና ይሉ ነበር።»

ቤዚ ቅጠሏን በጣቷ ነካች። ከዚያ፣

«ተቆጥተውኛል?» አለች።

«አልተቆጡም። ከጥምቀት በኋላ ግን አዘኑ። አልዋሽሽም፣ ልጄ፤ እያዘኑ ነው የሄዱት።»

በሚቀጥለው እሑድ ቤዚ ሙዳዩን ይዛ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ጋሼ ደረጀ ዘንድ ሄደችና ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሰልፉን፣ ስልኩን፣ ማሳውን፣ እማማ የጠየቋትንና የመለሰችላቸውን። ጋሼ ደረጀ አቋርጠው አልተናገሯትም። ስትጨርስ ተነሥተው የመዘምራኑ ልብስና ከበሮ የሚቀመጥበትን ቁም ሣጥን ከፈቱ። ከታችኛው መደርደሪያ አንድ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ሲፈቱት ቀይ፣ የላመ አፈር ነበር፤ ሁለት ጭብጥ ያህል።

«ከቤተ ማርያም ነው» አሉ። «መውሰድ ያልቻለ ልጅ ቢኖር ብዬ ጨምሬ ያመጣሁት። አውቶቡስ ውስጥ ጠይቄሽ ነበር እኮ፣ ቤዚ።»

ቁም ሣጥኑ ከእማማ ለተማርያም አልጋ በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ያን ሁሉ ቀን እዚያው ነበር።

ቤዚ ለንስሐ አባቷ ለቄስ ተክለጻድቅ ተናዘዘች። እሳቸውም ስግደት ሰጧት፤ እናቷንና አክስቷን ራሷ ሄዳ እውነቱን እንድትነግራቸው አዘዟት። ነገረቻቸው። የሐኪም ጋራውን አፈር ወስዳ ከማሳው ዳር መለሰችው። እግዚአብሔር ይቅር እንዳላት አትጠራጠሩ፤ እውነተኛ ንስሐ የገባን እሱ አይመልስም። ይህን ካልነገርኳችሁ እኔም ዋሸሁ ማለት ነው።

በአርባው ቀን ግን ሌላ ነገር አየች። ተዝካሩ ካበቃ በኋላ ከእትዬ ሶፍያ ጋር መቃብሩ ዘንድ ሄደች። ጋሼ ደረጀ የሰጧትን እምነት በዚያችው ሙዳይ ይዛ ነበር። ተንበርክካ በመቃብሩ ራስጌ በኩል በተነችው። ቀዩ አፈር በሐረር አፈር ላይ ጥቂት ቆየ። ነፋስ መጣና ግማሹን ወሰደው። ቤዚ የቀረውን እንዳይሄድ በመዳፏ ሸፈነችው፤ ከመዳፏ ሥር ግን የመቃብር አፈር እንጂ የሰው ግንባር አልነበረም።

እትዬ ሶፍያ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉ። «እንሂድ፣ ልጄ» አሉ። «አይተውሽ ይሆናል፤ እሱን አላህ ነው የሚያውቀው።»

ቤዚ ዛሬም ትዘምራለች፤ አሁን ግን ከኋላ መቆም ትወዳለች። ባዶዋ ሙዳይ መጻሕፍቷ መካከል ተቀምጣለች፤ ውስጧ ምንም አታስቀምጥባትም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ጥፋታችሁን ባጠፋችሁ ዕለት ተናገሩ፤ እግዚአብሔር እስክንመለስ ይታገሠናል፣ የዋሸነው ሰው ግን ሳንደርስለት ይሞትብናል።